«አግሪ»ን በምን ልተካው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጓዶች፣ በእንግሊዝኛ ድርሰት ስጽፍ «አግሪ» (agree) የሚለውን ግስ እየደጋገምኩ ተቸገርኩ። መዝገበ ቃላቱ ኮንከር (concur)፣ ኮንሰንት (consent)፣ አክዊየስ (acquiesce) እያለ ይደረድራል፤ ለእኔ ግን ሁሉም «ተስማማ» ነው። እንዳሻኝ ባቀያይራቸው ችግር አለው? ተቃራኒውስ?

መልስ፦ አለው እንጂ! ኮንከር የሐሳብ መግጠም ነው፣ ጠንከር ያለ የጽሑፍ ቃል ነው፣ በዳኞች ውሳኔ ላይ ይታያል። ኮንሰንት ግን ፈቃድ መስጠት ነው። ታካሚ ቀዶ ጥገናውን ፈርቶም ቢሆን ኮንሰንት ያደርጋል። አክዊየስ ደግሞ ልብ ሳይፈቅድ፣ ሳይከራከሩ እሺ ማለት ነውና ደስ ብሎት ለተስማማ ሰው በፍጹም አይሆንም።

መልስ፦ ተቃራኒውም እንደዚያው ነው። ሐሳብ ላይ ከሆነ ዲስአግሪ (disagree)፣ ጥያቄ ላይ ከሆነ ሪፊዩዝ (refuse)። የብዙኃኑን ወይም የባለሥልጣንን አቋም በይፋ መቃወም ከሆነ ዲሰንት (dissent)። ዲሰንትና ኮንሰንት ከአንድ የላቲን ሥር ነው የመጡት፣ «መሰማት» ከሚለው፤ እኔ ይህን ካወቅኩ ወዲህ ተምታተውብኝ አያውቁም።

መልስ፦ ቃሉን ከመተካት በፊት ግን ከአግሪ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ማስተካከል ይቀድማል። ከሰው ጋር ሲሆን አግሪ ዊዝ፣ ለቀረበ ሐሳብ እሺ ሲባል አግሪ ቱ፣ ተነጋግረው ሲወስኑ አግሪ ኦን።