ጳጉሜ ላይ የምጽፈው ፕላን ጥቅምት ላይ የለም፣ ምን ይሻለኛል?

የሳሪሱ፦
ሰላም ቤተሰብ። ጳጉሜ 5 ማታ ሁሌም ደብተር ይዤ ቁጭ እላለሁ፣ ዘንድሮ ስጽፍ የአምናውን ገለጥ አድርጌ ባየው ቃል በቃል አንድ ነው፣ የተቀየረው ዓመተ ምህረቱ ብቻ 😂 ላፕቶፕ መግዣ ማጠራቀም፣ ኤክሴል በደንብ መቻል፣ እንግሊዝኛ፣ ታላቁ ሩጫን ሳልቆም መጨረስ፣ ቲክቶክ መቀነስ። አደይ አበባው ሳይረግፍ እኔ ቀድሜ እረግፋለሁ። አላርም 11 ተኩል እሞላለሁ፣ ይጮሃል፣ ስኑዝ፣ ደሞ ይጮሃል፣ እናቴ ከወዲያኛው ክፍል "ወይ ተነስ ወይ አጥፋው!" ትላለች፣ አጠፋዋለሁ። የተሳካላችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳረጋችሁት ንገሩኝ፣ ሞቲቬሽን ቪዲዮ ግን እንዳትልኩልኝ በናታችሁ፣ ጠግቤያለሁ።

ቡና ቁርስ፦
ወንድሜ ደብተርህን ካንተ ሌላ ማን ያየዋል? እኔ ብር ለብቻዬ ማጠራቀም ሦስት ዓመት ሞክሬ አልሆነም፣ ባንክ አስገባዋለሁ፣ ሳምንት ሳይሞላ በሞባይል ባንኪንግ አወጣዋለሁ። ከዛ መስሪያ ቤት ዕቁብ ገባሁ፣ 12 ሰው፣ በወር 2,000፣ የሚደርስህ 24,000። ደሞዝ የገባ ቀን ጸሐፊዋ ደብተሯን ይዛ ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ ትቆማለች። ምንም አትልም እኮ፣ ትቆማለች ብቻ። ለኔ 11ኛው ወር ላይ ነው የወጣልኝ። መጀመሪያ የደረሰው ልጅ ዋስ አቅርቦ ወሰደ፣ እሱ ሲታሰብ ብድር ነው የወሰደው እኔ ቁጠባ፣ ግን ሁለታችንም ሴትየዋን እኩል ነበር ምንፈራት። ፍሪጅ ገዛሁበት።

ደረጃው ጋ፦
ልክ ነሽ፣ ሩጫም እንደዛው ነው። የሳሪሱ፣ ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ ኅዳር ላይ ስለሆነ ከእንቁጣጣሽ ብትጀምር 10 ሳምንት ገደማ አለህ፣ በቂ ነው። ስህተትህ መጀመሪያው ቀን 5 ኪሎ ልሩጥ ማለትህ ይመስለኛል (እኔም አርጌዋለሁ፣ ጉልበቴ አብጦ ሁለት ሳምንት ተኛሁ)። 1 ደቂቃ ሩጥ፣ 2 ደቂቃ ተራመድ፣ እንደዛ እያልክ 20 ደቂቃ ሙላ፣ በሳምንት 3 ቀን ይበቃል። እየሮጥክ ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው። ደሞ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፣ ትንፋሽ ቢያጥርህ አትፈር። እኛ ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ምንገናኝ ሦስት ሰዎች ነን። አንዴ ሳልነግራቸው ቀረሁ፣ አንዱ በብርድ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ የቆመበትን ፎቶ ላከልኝ፣ ሌላ ምንም ሳይጽፍ። ከዛ ወዲህ አልቀረሁም።

የሪያዷ፦
ሁላችሁም ልክ ናችሁ ግን የብር ፕላን ለዘመድ አይነገርም። እዚህ ሰው ቤት ነው ምሰራው፣ ቦታ ልገዛ እያጠራቀምኩ ነው ብዬ ቤተሰብ ጋ አፌ አመለጠኝ፣ በወሩ የአጎቴ ልጅ የባጃጅ ብር ጎደለኝ አለ፣ አክስቴ ቤቱ ያፈሳል ቆርቆሮ ይቀየር አለች፣ እምቢ እንዳልል እንዳለኝ ያውቃሉ። የሚጠብቅህ ሰው ይኑር፣ ግን እንደ ጸሐፊዋ ካንተ ብር ምንም ማይፈልግ ይሁን። ደሞ የኔ ወንድም አምስት ነገር ባንዴ ምንድነው? ኤክሴሉም እንግሊዝኛውም ላፕቶፑ ሲመጣ ይደርሳሉ፣ ሰርዛቸው።

የሳሪሱ፦
የሪያዷ እህቴ ሳቄም መጣ አዘንኩም፣ ቦታውን እግዜር ያሳካልሽ። ሦስቱን ሰረዝኩ፣ ቲክቶኩን ስሰርዝ ትንሽ ደስ ብሎኛል አልዋሽም። ዕቁብ ዛሬ ጠየቅኩ፣ ዙሩ ስለተጀመረ ለሚቀጥለው ጠብቅ አሉኝ። @ደረጃው ጋ ቅዳሜ ብመጣ አራተኛ ሰው ትቀበላላችሁ?

ደረጃው ጋ፦
ና። 12 ሰዓት ስልህ 12 ነው፣ ታክሲ አጣሁ ሚባል የለም። ስልክህን በውስጥ ላክልኝ፣ ፎቶ ምልክበት 😂