ባዶ ፍሎፒ ዲስክ ለምን ፎርማት ይጠይቃል?

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ደሴ ውስጥ ሰርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ኪቦርዴ የድሮ ነው፤ የአምባሰልና የባቲ ሪትሞቼን የሚያስቀምጠው በፍሎፒ ዲስክ ነው። ሰሞኑን ያልተነካ አንድ ፓኮ ዲስክ አገኘሁ። ሳስገባው “ፎርማት አልተደረገም” ይለኛል። ባዶ ነው እኮ! ባዶ ላይ መጻፍ ምን ይከለክለዋል? የታላቅ ወንድሜ አሮጌ ዲስክም ያንኑ ይላል። ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ፤ እባካችሁ።

ጦሳ፦
አብሽር ወንድሜ። ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ማግኔታዊ ቅብ ያለው ስስ ክብ ነው። መስመርም ቁጥርም የለውም። የማሽኑ ማንበቢያና መጻፊያ ጫፍ (“ሄድ” የሚሉት) ላዩ ላይ ሲያርፍ የት እንዳለ በምን ይወቅ? ፎርማት ያንን ምልክት ይጽፍለታል። በ1.44 ሜጋባይቱ ዲስክ በየገጹ 80 ዙር ያወጣል። ዙሩን 18 ቁራጭ (ሴክተር) አድርጎ ይከፍልና ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጠዋል። በሁለቱ ገጽ 2880 ሴክተር፣ እያንዳንዱ 512 ባይት። ዙር በዙር የተሰፋ ሰፌድ አስብ።

የሐይቋ፦
ሰፌዱ ላይ ትንሽ ላርም። የሰፌድ ዙር ተያይዞ ይሄዳል። የዲስኩ ግን እያንዳንዱ ለብቻው የተዘጋ ነው፤ ቆጠራውም ከውጭ ይጀምራል። ከዚያ ማውጫና መዝገብ ይከተላሉ፤ ማውጫው የፋይሎቹን ስም ይዘረዝራል፣ መዝገቡ ደግሞ እያንዳንዱ የትኞቹ ሴክተሮች ላይ እንዳለ ይይዛል። ዶስ የተባለው የድሮ የኮምፒውተር ሥርዓት ይህን መዝገብ በሁለት ቅጂ ይይዛል። ማውጫውና መዝገቡ ቦታ ስለሚወስዱ ከጠቅላላው 1,474,560 ባይት ለፋይል የሚቀረው 1,457,664 ነው።
ዲስኩን እዚያው ኪቦርዱ ላይ ፎርማት አድርገው። ኪቦርዱ የሚፈልገው አከፋፈል ከኮምፒውተር ሊለይ ይችላል። ደግሞ እንዳይጻፍበት ከምትቆልፈው ተንሸራታች ማዶ ያለውን ጥግ እይ። ቀዳዳ ካለው 1.44 ነው፤ ከሌለው 720 ኪሎባይት። አንዳንድ የድሮ ኪቦርድ የሚቀበለው 720ውን ብቻ ነው።

ወልድያ፦
የወንድምህን ዲስክ ግን እንዳትነካው! መልእክቱ አንድ ቢሆንም ነገሩ ሌላ ነው። ምልክቱ ተጽፏል፤ ማሽኑ ማንበብ አቅቶት ይሆናል። ሻጋታ ይዞት ወይም በሌላ ዓይነት ማሽን ፎርማት ተደርጎ ሊሆን ይችላል። እኔ እንዲህ ሲለኝ “እሺ” ተጭኜ አባቴ የጻፉትን የመንዙማ ግጥም አጥቻለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል። ጥግ ላይ ያለችውን ተንሸራታች ግፋት። ቀዳዳዋ ወለል ብላ ስትታይ ተቆልፏል፤ ማንም አይጽፍበትም።

የቦርከና ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አዲሱን ኪቦርዱ ላይ ፎርማት አደረግኩት። ባቲን አስቀምጬ አጥፍቼ ከፈትኩ፤ አለ! የወንድሜን ቆልፌ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ውስጥ በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ ያለው ሰው ካለ ዲስኩን ይዤ እመጣለሁ።