የ«ቀ.ኃ.ሥ.» ምልክት ያለበት የመኮንን ጎራዴ፦ የማን እንደነበር ማወቅ ይቻላል?

ጠያቂ፦
ለንደን ውስጥ ለሽያጭ የቀረበ ጎራዴ ልገዛ አስቤያለሁ። ስለቱ ቀጥ ያለ ነው፤ በአንዱ ገጽ ሞአ አንበሳ፣ በሌላው ዘውድና «ቀ.ኃ.ሥ.» አለበት። የእንግሊዙ ጎራዴ ሠሪ የዊልኪንሰን ስምም ይነበባል። ሻጩ «ዐድዋ ላይ የተመዘዘ የአንድ ራስ ጎራዴ ነው» ይላል፣ ወረቀት ግን የለውም። ዝገቱንስ ልወልውለው?

መዝገብ ወዳጅ፦
ዐድዋ 1888 ዓ.ም. ነው። «ቀ.ኃ.ሥ.» ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ማለት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ስም ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ነው፤ ከዚያ በፊት ተፈሪ ነበሩ። ስለዚህ «ቀ.ኃ.ሥ.» ያለበት ስለት ዐድዋ ላይ ሊኖር አይችልም። የሻጩን ቃል እዚህ ላይ ይተዉት።

ቀጥሎ ያልተሳለውን የስለቱን ጀርባ እጀታው ሥር ይመልከቱ፣ ባትሪውን ከጎን እያበሩ። ዊልኪንሰን በግል ትእዛዝ ለሠራቸው ጎራዴዎች ቁጥር ይመታ ነበር። ቁጥሩ ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ሲመሳከር ዘመኑን፣ አንዳንዴም የገዢውን ስም ይሰጣል። ገዢው ግን ታጣቂው ላይሆን ይችላል፤ ነጋዴ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። በጅምላ የታዘዙት ብዙ ጊዜ ቁጥር የላቸውም። ቁጥር ከሌለ ብረቱ ስም አይነግርዎትም።

ብረት ጠባቂ፦
እባክዎ አይወልውሉት! ሥዕሉ በአሲድ የተበላ በጣም ስስ ገጽ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ከታሸ አንበሳው ይጠፋል፣ አይመለስም። ጓንት አድርገው ቀጭን የማሽን ዘይት በጥጥ ይቀቡት፣ አንድ ቀን ያሳድሩት፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። ቀዩ ዝገት ይለቃል፤ ጥቁሩን ይተዉት። እጀታው በወርቅ የተቀባ ከሆነ ብራሶ (የብረት መወልወያ) አያስነኩት፣ ወርቁን ይገፈዋል። ሰገባው ቆዳ ከሆነ ስለቱን ለብቻው ያስቀምጡ፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ውስጥ ውስጡን ያዝገዋል።

መዝገብ ወዳጅ፦
ሻጩ ፎቶግራፍ ካመጣ አንድ ነገር ልጨምር። መኮንኑ ተመሳሳይ ጎራዴ ታጥቆ መታየቱ ማስረጃ አይሆንም፣ አሠራሩ ለብዙዎች አንድ ነውና። የሚያሳምነው በእጅ መከላከያው ላይ ያለ ጉድፍ ወይም ጥገና በፎቶውም በዕቃውም ላይ አንድ ቦታ ሲገኝ ነው።

ከሁሉ በላይ፣ ከኢትዮጵያ መቼና እንዴት እንደወጣ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከ1967 በኋላ ከብዙ ቤቶች ንብረት ተወርሷል፤ ቤተሰቡ ዛሬም ሊፈልገው ይችላል። ቅርስ ያለ ፈቃድ ማውጣትን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል። በቅርቡ የወጣ ሆኖ የመውጫ ፈቃድ ከሌለው አይግዙ። ቀድሞ የወጣ መሆኑ በሰነድ ከታየ፣ ባለቤቱ እንዳልታወቀ ጎራዴ ይደራደሩ፤ ለ«ራስ» ስም አንድ ፓውንድም አይጨምሩ።