የቻይናው ኮፒ ሞተር መጋዝ፦ ተጨማሪ ብር ላውጣበት ወይስ ልሽጠው?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን አካባቢ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ከከተማ ወጣ ብሎ ነጭ ባህር ዛፍ አላቸው። ግማሽ ሄክታር አይሞላም። ዘንድሮ ለቆረጣ ደርሷል። ማገሩና አጣናው በመጥረቢያ ይሄዳል። ወፋፍራሙን ግን በመጥረቢያ መጣል ወገብ ይጨርሳል ብዬ መርካቶ ወርጄ ሞተር መጋዝ ገዛሁ።

ቅርጹም ቀለሙም የታወቀውን የጀርመን መጋዝ፣ ስቲል የሚባለውን፣ ይመስላል። የተጻፈበት ስም ግን ሌላ ነው። ጎኑ ላይ 58 ሲሲ ይላል። ባሩ፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚሮጥበት ረጅሙ ብረት፣ 22 ኢንች ነው። 18 ሺህ ብር ከፈልኩበት።

አሁን ሦስት ነገር አስቸገረኝ። ይነሳል፣ ግን ሙሉ ጋዝ ስሰጠው ይታፈናል፤ ብዙ ያጨሳል፣ እንጨት ውስጥ ሲገባ ቀጥ ይላል። ማታ አስቀምጬው ጠዋት ስመጣ ከሥሩ የሰንሰለት ዘይት ፈሶ አገኘዋለሁ። ደግሞ አራት ግንድ እንኳ ሳይቆርጥ እንጨቱን ማጥቆርና ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ጀመረ።

አንድ ጎረቤት ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ቀደን፣ የሲሊንደሩን ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለችውን ስስ ማሸጊያ) አውጥተን ጉልበት እንጨምርለት ይለኛል። ሌላው ሽጠውና ትልቁን የ070 (የስቲል የድሮ ሞዴል) ኮፒ ግዛ አለኝ። የአባቴን ብር ነው ያወጣሁት፤ ደግሜ መሳሳት አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የጋራዡ ሰው፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ካቻቢቴ ያዝ። ብር ማውጣቱ ኋላ ይደርሳል።

መጋዝህ የታመመ አይመስለኝም። ያለህበት ቦታ ነው ያስቸገረው። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ከባህር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር አየሩ ወደ ሩብ በሚጠጋ ይሳሳል። ካርቡራተሩ ደግሞ ፋብሪካው ውስጥ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። እዚህ ሲደርስ አየሩ አነሰ፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው። ስለዚህ ቤንዚን በዛበት። የመታፈኑም የጭሱም ምክንያት ይህ ነው ብዬ እገምታለሁ።

እርግጠኛ ለመሆን ትንሽ ካሠራኸው በኋላ ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) ፍታና ጫፉን እይ። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። ቡና መሳይ ቀለም ካለው ደህና ነው። ነጭ ሆኖ ከደረቀ ግን ቤንዚን አንሶታል፤ ያን ጊዜ ወዲያው አቁም፣ ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ሊነክስብህ (ሞቆ ሊጣበቅብህ) ነው።

ካርቡራተሩ ላይ ሦስት ብሎን ታገኛለህ። ኤል የሚለው ለዝቅተኛ ዙር፣ ኤች የሚለው ለከፍተኛ ዙር ነው፤ ሦስተኛው ሚኒሞውን፣ ማለትም ጋዝ ሳትሰጥ የሚኖረውን ዙር፣ ይይዛል። አየር ፊልትሮውን መጀመሪያ አጽዳ። ሞተሩን አምስት ደቂቃ አሙቀው። ከዚያ ኤች የሚለውን በሰዓት አቅጣጫ በጣም በትንሹ፣ የአንድ ዙር ስምንተኛ ያህል ዝጋና ሙሉ ጋዝ ሰጥተህ ስማ። እየደጋገምህ እንዲሁ አድርግ። የምትፈልገው ድምፅ ይሄ ነው፦ ሰንሰለቱ ባዶውን ሲሮጥ ሞተሩ ትንሽ ይንተባተባል፤ እንጨት ሲነካ መንተባተቡ ጠፍቶ ድምፁ ይጠራል። ባዶውን ሳለ ጥርት ብሎ የሚጮህ ከሆነ አልፈሃል፤ ወደ ኋላ መልሰህ ክፈተው። በመጨረሻ ሚኒሞውን ሰንሰለቱ በማይዞርበት ልክ አድርገው። ጋዝ ሳትሰጥ ሰንሰለቱ የሚዞር መጋዝ ይዞ መራመድ አደጋ ነው።

ድብልቁንም ንገረን። አብሮ የመጣችው ትንሽ ጠርሙስ ላይ 25 እና 50 የሚል መስመር አለ፤ ለአንድ እጅ ዘይት 25 ወይም 50 እጅ ቤንዚን ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ኮፒ በመጀመሪያዎቹ ታንኮች ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር የቱ-ቲ (ከቤንዚን ጋር የሚደባለቅ የባለ ሁለት ምት ሞተር) ዘይት አድርግ። የመኪና ሞተር ዘይት አይሆንም።

ስለ 58 ሲሲው አትጨነቅ፣ ግን እውነቱን እወቅ። ከእነዚህ አንዱን ፈትቼ በካሊፐር ለክቻለሁ። የሲሊንደሩ ስፋት 45.2 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ጉዞ 34 ሚሊ ሜትር ሆነ። ይህ ሲሰላ 54.5 ሲሲ ገደማ ነው። ሻጩ በሲሲ ቁጥር ዋጋ ሲቆልልብህ ይህን አስታውስ።

አጣና ነጋዴ (እንጅባራ)፦

ጋሽ መካኒክ ሞተሩን በደንብ አስረድተዋል። እኔ ስለ ሰንሰለቱ ልጨምር፤ ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚያፈሰው እዚህ ላይ ነውና።

22 ኢንች ባር ለዚያ ሞተር በዛ። ረጅም ባር የሚገጥሙለት ሱቅ ውስጥ ትልቅ እንዲመስል ነው። ደጋ ላይ ጉልበቱ ቀንሶ ሳለ ያን ሁሉ ሰንሰለት መጎተት አይችልም። 16 ወይም 18 ኢንች ግጠምለት። የባህር ዛፍ ቋሚ ስንት ይወፍራል? 18 ኢንች እኮ 45 ሴንቲ ሜትር ነው።

አብሮት የመጣው ሰንሰለት ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ይደንዛል። ካወጣህ አይቀር ጥሩ ሰንሰለት ላይ አውጣ። ስትገዛ ሦስት ነገር ይዘህ ሂድ፦ ባሩ ሥር የተቀረጸውን ፒች (የሰንሰለቱን ማያያዣዎች ርቀት)፣ የጎድጓዳውን ስፋት፣ እና በባሩ ውስጥ የሚገቡትን ጥርሶች ብዛት። ጥርሱን ራስህ ቁጠር። አሮጌውን ሰንሰለት ይዘህ ብትሄድ ደግሞ የተሻለ ነው።

ያንተው ፒች 0.325 ኢንች ከሆነ ክቡ ሞረድ 4.8 ሚሊ ሜትር ነው። ቤንዚን በሞላህ ቁጥር እያንዳንዱን ቆራጭ ጥርስ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ፊት ብቻ ሞርድ፣ በ30 ዲግሪ። በግራና በቀኝ ያሉትን እኩል ጊዜ ሞርድ። ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብለው አንዱ ወገን ስለደነዘ ወይም ስላጠረ ነው። የሚወጣውን ብናኝ ተመልከት፤ ወፍራም ፍላጭ ከሆነ ስል ነው፣ ዱቄት ከሆነ ደንዟል። አፈር ከነካ፣ አንድ ጊዜም ቢሆን፣ ሞርደው።

ዘይት መፍሰሱ በእነዚህ ማሽኖች የተለመደ ነው። የክዳኑን ጎማና የዘይቱን ቱቦ አረጋግጥ፤ ካልቆመ ማታ ማታ የዘይት ታንኩን ባዶ አድርገው። ግን ከጋራዥ የተጣለ የተቃጠለ ዘይት አታድርግበት። የብረት ብናኝ አለበት፣ ፓምፑን ይበላል። እጅህና ልብስህ ላይ የሚረጨውም ለጤና ጥሩ አይደለም።

ወጣት መካኒክ፦

ማርሚታ መክፈት ግን ይሠራል፣ እኔ አይቻለሁ። የኮፒዎቹ መውጫ በጣም ጠባብ ነው። ውስጥ ያለውን ግድግዳ አውጥተህ ቀዳዳውን ብታሰፋው ልዩነቱ በግልጽ ይታወቃል።

የጋራዡ ሰው፦

አዎ፣ ይሠራል። እኔም ሠርቼዋለሁ፤ ግን በቅደም ተከተል ነው የሚሠራው። ጭሱ መውጣት በቀለለው ቁጥር ሞተሩ ተጨማሪ ቤንዚን ይጠይቃል። ማርሚታ ከፍቶ ኤች ብሎኑን እንደገና ያላስተካከለ ሰው መጋዝ እኔ ጋ መጥቷል። በካንዴላው ቀዳዳ መብራት ሳበራ ሲሊንደሩ ከላይ እስከ ታች ተቧጭሮ ነበር። ገና አንድ ወር ያልሞላው ማሽን ነው። ማርሚታው መውጫ ላይ ያለችውን የብልጭታ ወንፊት ደግሞ በጭራሽ አታውጡ። በበጋ ደረቅ የባህር ዛፍ ቅጠል ላይ የምትወድቅ አንዲት ፍንጣሪ የጎረቤትንም ዛፍ ትጨርሳለች።

ጓርኒሲዮኑን ማውጣቱን ተወው። ፒስቶኑና የሲሊንደሩ ጣሪያ መሃል የምትቀረው ክፍተት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ካነሰች መጋጨት አለ። ሳይለካ አይነካም።

ሲሊንደሩን ለሌላ ጉዳይ ከፈታህ ግን ሁለት ሥራ ሥራ። በኮፒዎቹ ላይ የማይቀር ጉድለት ነው። የሲሊንደሩ ቀዳዳዎች ጠርዝ እንደ ቢላ ስል ሆኖ ይመጣል፤ ፋሻውን (የፒስቶኑን ቀለበት) ይይዘውና ይሰብረዋል። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጠርዙን ብቻ አለዝበው፣ ከዚያ ብናኙን በሚገባ እጠብ። ሁለተኛው፣ የፒስቶኑን ፒን የሚይዙት ሁለት የሽቦ ቀለበቶች ናቸው። ደካማ ናቸው። አንዷ ወጥታ ሲሊንደሩን ስታርሰው አይቻለሁ። ጥሩ ቀለበት ፈልገህ ቀይራቸው፤ ዋጋቸው እዚህ ግባ አይባልም።

ከፍራንክፈርት፦

070ውን በተመለከተ፦ 105 ሲሲ ነው፣ ባርና ሰንሰለት ሳይገጠምለት ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የድሮ ንድፍ ስለሆነ የሰንሰለት ፍሬን (መጋዙ ድንገት ሲመታ ሰንሰለቱን የሚያቆመው) የለውም። ግንድ ሰንጥቆ ጣውላ ለሚያወጣ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ቋሚ ለሚቆርጥ ሰው ክንድ ይጨርሳል። አይሆንህም።

ኮፒና ፎርጅድ ደግሞ ለዩ። በራሱ ስም የሚሸጥ ኮፒ አለ፣ ለምሳሌ ሆልዝፎርማ የስቲልን የድሮ ሞዴሎች ይሠራል፤ ብዙ መለዋወጫውም ከኦሪጅናሉ ጋር ይገጥማል። ስቲል የሚል ስቲከር ለጥፎ የሚሸጠው ግን ፎርጅድ ነው፤ ሻጩ ከመነሻው እየዋሸህ ነው። በኦሪጅናሉ ላይ የምርት ቁጥሩ አካሉ ላይ ተመትቷል፤ ስቲከር ብቻ ካየህ ተጠራጠር። «ቻይና የተሠራ» የሚለው ብቻውን ፎርጅድ አያሰኘውም፤ ስቲል እዚያም ፋብሪካ አለው።

ከውጭ ዘመድ ይላክልኝ ለምትሉም፦ ቤንዚን የነካውን መጋዝ በሻንጣ ማስገባት አይቻልም፣ ኤርፖርት ይቀራል። እኔ የምልከው ሰንሰለት፣ ሞረድና መከላከያ ሱሪ ነው።

ነርስ ነኝ፦

ስለ ጉልበቱና ስለ ዋጋው ብዙ ተባለ። እባካችሁ ስለ ፍሬኑም ጠይቁ። የምሠራበት ጤና ጣቢያ በመጋዝ የተቆረጠ እግር ይመጣል። ቁስሉ እንደ ቢላ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ሥጋውን ቆራርጦ ያወጣዋል፣ ለመስፋት አይመችም። ባለፈው የመጣው ልጅ በክፍት ጫማ ነበር የሚሠራው።

ብቻችሁን አትሥሩ። ንጹህ ጨርቅ ኪሳችሁ ይኑር። አደጋ ከደረሰ ቁስሉ ላይ በሁለት እጅ ጫን ብላችሁ ያዙ፣ ለማየት ብላችሁ እያነሳችሁ አትልቀቁት፤ እንደያዛችሁ ውሰዱት።

የጋራዡ ሰው፦

እህታችን ልክ ናት። እኔ አንድን ኮፒ ዋጋ አለው ወይስ የለውም የምለው ከፍሬኑ ተነስቼ ነው። ሞተሩን አጥፋና ባሩን ከጉቶ በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ያዘው። የፊት እጅህን ለቀቅ አድርግና ጫፉ ጉቶው ላይ ይውደቅ። ፍሬኑ በራሱ ቀጭ ብሎ መያዝ አለበት። ካልያዘ ያ መጋዝ ፍሬኑ እስኪሠራ ድረስ ለእኔ ዋጋው ዜሮ ነው።

ቀጥሎ የማስነሻውን ገመድ እጀታ ይዘህ መጋዙን አንጠልጥለው። ቀስ እያለ፣ በየመሃሉ እየቆመ ከወረደ መጨመቁ ደህና ነው። ዘጭ ብሎ ከወረደ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ሄዷል። ያገለገለ የምትገዙ ሁሉ ማርሚታውን አስፈትታችሁ ፒስቶኑን በስልክ መብራት እዩ። ሻጩ አላስፈታም ካለ ትታችሁ ሂዱ።

ጠያቂ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያሉትን በሙሉ ሠራሁት።

ካንዴላው ጥቀርሻ የለበሰና እርጥብ ነበር። ኤች ብሎኑን በአጠቃላይ ግማሽ ዙር ለማይሞላ ዘጋሁት፤ ያሉት መንተባተብ መጣ፣ እንጨት ሲነካ ጠራ። አሁን ካንዴላው ቡናማ ሆኗል። ባሩን ወደ 18 ኢንች ቀየርኩ፣ ከጥሩ ሰንሰለትና ከሞረድ ጋር። ማርሚታውን አልነካሁትም።

ፍሬኑ ግን ወደቀ። ሦስት ጊዜ ጣልኩት፣ አንዴም አልያዘም። የጎን ክዳኑን ስፈታው የፍሬኑ ቀጭን ብረት ዘይት ጠጥቶ ጠርዙ ላይ ተሰንጥቋል። ክዳኑ ከነፍሬኑ ተሟልቶ ስለሚሸጥ እሱን አስመጣሁ። አሁን ከአምስቱ አምስቱንም ያዘ። ከዚያ በኋላ ነው ጫካ የገባሁት።

ትናንት ከወንድሜ ጋር ሆነን 11 ዛፍ ጣልን። አባቴ ፍላጩን ከመሬት አንስተው እያሹ አዩት፣ «ይሄ ነው መቁረጥ» አሉ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሸዋ ሮቢት ያለው አጎቴ ለሁለት ሳምንት አውሰኝ ይላል። ምንም አያመጣም አይደል?

የጋራዡ ሰው፦

ያመጣል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፤ አየሩ ይወፍራል። አሁን በዘጋኸው ልክ እዚያ ከሠራበት ቤንዚን ያንሰዋል፣ ይሞቃል፣ ይነክሳል። የዘጋኸውን ልክ ጻፈው። እዚያ ሲደርስ መልሶ ይክፈትና እንደ ነገርኩህ በድምፅ ያስተካክል። ማስተካከሉን የማይችል ከሆነ አብረህ ውረድ።

ጠያቂ፦

ገባኝ። ቅዳሜ አብሬው እወርዳለሁ።