የሟቹን ግማሽ ሕይወት ዘልዬ ልተርጉመው ወይስ?

የፖስታ ቤቷ ተርጓሚ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት አለችኝ። ሥራዬ የልደት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ ውክልና ነው። ሰሞኑን ግን አንድ ወረቀት እጄ ላይ ቀርቷል፣ እስቲ ምከሩኝ።

ደንበኛዬ ወንድሟ አሜሪካ ከገባ 20 ዓመት አልፎታል። ሲገባ ዘመድም ወዳጅም አልነበረውም። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ምድር ቤቱን በትንሽ ኪራይ ሰጥቶት፣ መንጃ ፈቃድ እስኪያወጣ በራሱ መኪና ሥራ እያደረሰው፣ የሚጽፈውን ማመልከቻ ሁሉ እያረመለት ሰው አደረገው። እናትየው እዚህ ሆነው ስሙን እየጠሩ ሲጸልዩለት ኖረዋል። በርበሬና ሽሮ ሲላክም የሱ ድርሻ ለብቻ ይቋጠራል። ሰውየው ባለፈው ወር ሞተ። ልጅየው በቀብሩ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ላከና "ለእማዬ በአማርኛ ይነበብላት" አለ።

3 ገጽ ነው። የመጀመሪያው አላስቸገረኝም፤ ቬትናም የዘመተ የአየር ኃይል ሰው ነው። ሁለተኛው ላይ ወንድ የሚያፈቅር መሆኑ ታውቆ በፈረንጅ 1976 ከሠራዊቱ መሰናበቱ ተጽፏል። የቀረው ዕድሜው ሁሉ ከዚያ የሚመዘዝ ነው፤ እንደሱ ለተባረሩ ወታደሮች ማመልከቻ ሲጽፍ፣ ደጅ ሲጠና፣ በኤድስ ዘመን ቤተሰብ የሸሻቸውን ሲያስታምም። እህትየው "እሷን ነገር ዝለያት" አለችኝ። ብዘላት የቀረው አልያያዝ አለኝ። ሰውየው ያለምክንያት ተባሮ ያለምክንያት በሽተኛ ሲያጥብ የኖረ ይመስላል። ቃሉም ሌላ ጣጣ ነው። ሰው አፍ ላይ ያለው ቃል ስድብ ነው፤ ለቅሶ ላይ በሚነበብ ወረቀት ደግሞ ሟች አይሰደብም።

የፍራንኮ ልጅ፦
ዝለይው በቃ። ሂሳብሽን ተቀበይ። የኔ ሃይማኖት እንዲህ ያለውን አይፈቅድም፣ እማማንም በስተርጅና ምን አድርጊ ብለው ነው የምታስደነግጫቸው?

ሕግ ነክ፦
እህቴ፣ ፍርሃትሽ የሕግ ከሆነ ባጭሩ ልንገርሽ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚቀጣው ድርጊቱን ነው፣ በእስራት። የሞተ ሰው ታሪክ መተርጎም ያ ድርጊት አይደለም። ሕጉ የሚጠቀምበት ቃል "ግብረ ሰዶም" ነው፤ ያ የክስ ቻርጅ ቃል ስለሆነ ለዚህ ወረቀት አትውሰጂው። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ግን የኔ ሙያ አይደለም፣ ቤትሽ ፖስታ ቤት ነው፣ ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ።

ጡረተኛው መካኒክ፦
ልጄ፣ እኔ ደብረ ዘይት አየር ኃይል የአውሮፕላን ጥገና ላይ ነበርኩ። አሁን አዳማ ነው የምኖረው። በግልጽ ልንገርሽ፣ የሰውየውን ኑሮ አልደግፈውም፣ ያደግኩበት አይደለም። ግን ስንብት የሚባለውን ነገር አውቀዋለሁ። በ83 ሠራዊቱ ሲበተን በአንድ ቀን "የቀድሞ" ተባልን። ስንት ዓመት የለበስኩት የደንብ ልብስ እንደ ወንጀል ልብስ ሆነ፣ ሥራ ፍለጋ ስሄድ ወታደር እንደነበርኩ መደበቅ ተማርኩ። አንድ ቦታ ቅጽ ስሞላ እነዚያን ዓመታት ባዶ ተውኳቸው። የሚያየኝ ሰው እስር ቤት የቆየሁ ነው የመሰለው። ስለዚህ የወታደርን ታሪክ መሐሉን ቆርጠሽ አታውጪ። ደግሞ ምን ዓይነት ስንብት ይላል ወረቀቱ? በክብር ነው ወይስ እንዲያው መባረር? በሠራዊት ቤት ይኼ ትልቅ ልዩነት አለው።

የፖስታ ቤቷ ተርጓሚ፦
ጋሼ፣ እሱ ላይ ነው የተያዝኩት። "ጄኔራል ዲስቻርጅ" ይላል። መጀመሪያ "የጄኔራል ስንብት" ብዬ ጽፌ ነበር፣ አትሳቁብኝ። ታች ላይ ደግሞ በ2012 ወረቀቱ ተስተካክሎለት በክብር የተሰናበተ ተባለ ይላል።

የዋሽንግተን ታክሲ፦
ሃሃ፣ ጄኔራል አድርገሽው ነበር ማለት ነው። እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ፣ ዋሽንግተን ብዙ ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፣ ይኼን ነገር ከተሳፋሪም ከመንገዱም ተምሬዋለሁ። ጄኔራል ማለት ከክብር ስንብት አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ነው። ውርደት አይደለም፣ ግን ቀጣሪ ሲያየው "ይኼ ሰውዬ ምን ሠርቶ ነው?" ይላል። ከሱ በፊት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በሰማያዊ ወረቀት የሚጻፍ ስንብት ነበራቸው፣ የክብርም የውርደትም ያልሆነ። ያን ወረቀት የያዘ ወታደር ጓደኞቹ በመንግሥት ወጪ ኮሌጅ ሲገቡ እሱ ተከለከለ። ወንድ ያፈቅራሉ ለተባሉም፣ ለጥቁር ወታደሮችም በብዛት ይሰጥ ነበር።

1976 ማለት ደግሞ ዝም ብሎ ዓመት አይደለም። ሊዮናርድ ማትሎቪች የሚባል የአየር ኃይል ሰርጀንት ነበር፣ ቬትናም ሦስት ጊዜ የዘመተ፣ ፈንጂ ረግጦ የቆሰለ፣ ደረቱ ላይ ሜዳሊያ ያለ። በ1975 ለአለቃው ራሱ ደብዳቤ ጽፎ "እንዲህ ነኝ" አለ። ማንም አልያዘውም፣ ማንም አልጠቆመበትም። የታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ከነዩኒፎርሙ ወጣ። አባረሩት፣ ከሰሰ፣ በ1980 ዳኛው ወደ ሥራው ይመለስ ብሎ ወሰነ፣ አየር ኃይሉ ግን በ160,000 ዶላር ተስማማና አልተመለሰም። በ1988 በኤድስ ሞተ። መቃብሩ ኮንግሬሽናል ሴሜተሪ ነው። አንድ ቀን ደንበኛ አድርሼ ስመለስ ገብቼ አይቼዋለሁ። ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ስሙ አልተጻፈበትም፣ ለሁሉም እንዲሆን ብሎ ነው። ጽሑፉ በኔ አማርኛ፦ "ሠራዊት ሳለሁ ሁለት ወንዶች በመግደሌ ሜዳሊያ ሰጡኝ፣ አንዱን በማፍቀሬ አሰናበቱኝ።" እዚያ ቆሜ ስልኬ ስንት ጊዜ እንደጠራ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ በ1993 "አትጠይቅ፣ አትናገር" የሚባል ሕግ አወጡ፤ ዝም ካልክ ታገለግላለህ፣ ከተናገርክ ትወጣለህ። በሱ ብቻ ከ13,000 በላይ ወታደር ወጣ። መስከረም 2011 በፈረንጅ ቀረ። ያንቺ ሰውዬ ወረቀቱ በ2012 የተስተካከለው ለዚህ ነው፤ ሕጉ ከቀረ በኋላ ብዙዎች አመልክተው አሳርመዋል። እና ለሌሎች ማመልከቻ ይጽፍ ነበር ያልሽው ይኼንኑ ይመስለኛል። 36 ዓመት ጠብቆ የራሱን ያሳረመ ሰው ነው፣ እንዴት አድርገሽ ነው የምትዘይው?

ዝምተኛዋ፦
እኔ ስለ ወታደር አላውቅም። ስለ ኤድሱ ግን ልበል። እዚህ አገር መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በፈረንጅ 2005 ነው። ከዚያ በፊት አክስቴን ያስታመምናት ከጎረቤት ተደብቀን ነው። ሳህኗ ለብቻ፣ ብርጭቆዋ ለብቻ። ስትሞት ገላዋን ሊያጥብ የደፈረ አልነበረም፣ ከአንዲት የሰፈራችን ጠላ ሻጭ በስተቀር። ስለዚያች ሴትዮ ብዙ ይወራ ነበር፣ አልደግመውም። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ለዓመት በዓል ሳትጠራት ቀርታ አታውቅም። እማማም ይኼን አያጡትም፣ በሳቸው ዕድሜ ስንቱን ቀብረዋል።

የፍራንኮ ልጅ፦
እሺ ያስታመመውን ጻፊ፣ የቀረውን ተይ። ሁለቱን ምን አገናኛቸው?

ዝምተኛዋ፦
የሚያስታምማቸው የተሸሹት በዚያው ምክንያት ነዋ! እሱም ስለተባረረ ነው የገባው።

ጡረተኛው መካኒክ፦
ቃሉን በተመለከተ፣ "አርበኛ" አትበዪ፣ አርበኛ የኛ የጣሊያን ጊዜ ነው። "ቬተራን"ም እማማ አይገባቸውም። "ዘማች" በዪ። የኮሪያ ዘማች እንደምንለው፣ የቬትናም ዘማች። ለሌላው ደግሞ ስም አትስጪው፣ የሆነውን ብቻ ጻፊ።

የፖስታ ቤቷ ተርጓሚ፦
ጋሼ፣ እንዲያው እጅ ልንሳዎት። እንዲህ አደረግኩት፦ "ሴት ሳይሆን ወንድ የሚያፈቅር ሰው ነበር። ይህ ሲታወቅ በ1976 የክብር ስንብት ተነፍጎ ከአየር ኃይል ወጣ። በ2012 ክብሩ ተመለሰለት።" ስም የለውም፣ ስድብም የለውም። "አድቮኬት" የሚለውን "ተሟጋች" አልኩት። ለእህትየው ሳልደብቅ አሳየኋት፣ ካልፈለግሽ ሌላ ተርጓሚ ፈልጊ፣ ቀብድሽን እመልሳለሁ አልኳት። ወስዳዋለች። የሚሆነውን እነግራችኋለሁ።

የፖስታ ቤቷ ተርጓሚ፦
ይቅርታ ቆየሁ፣ ሰሞኑን መብራት አልነበረም። ልጅቷ ዛሬ መጣች። ለእናቷ ስታነብ እዚያች ዐረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ድምጿ ተይዞባት ቆመች አሉ። እማማ "ቀጥይ" አሉ። ቀጠለች። ሲያልቅ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ማን ቀበረው?" ሰውየው ዘመድ አልነበረውም፣ ወታደሮቹ ሬሳ ሳጥኑ ላይ የነበረውን ባንዲራ ሦስት ማዕዘን አጣጥፈው ያስረከቡት ለልጃቸው ነው። ይኼን ሲሰሙ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አለቀሱ።

አሁን ሁለት ትዕዛዝ ሰጥታኛለች። አንዱ እህትየው ለእድርተኛው የምታሳየው ነው፣ ያቺ ዐረፍተ ነገር የሌለችበት። ሌላው የእማማ ነው፣ ሙሉውን፣ ራሳቸው ማንበብ ስለፈለጉ ፊደሉ ይተልቅ ብለዋል። በ20 አትሜዋለሁ፣ 3 ገጽ የነበረው 7 ሆነ።

የፍራንኮ ልጅ፦
የ7ቱን ገጽ አስከፈልሽ?

የፖስታ ቤቷ ተርጓሚ፦
የእድሩን ብቻ።