ክርክር፦ የሲታብ ናኖ ቅንጣት ሀዋሳ ፍሳሽ ላይ ይሞከር?

የተነሳው ሐሳብ፦ ከሲታብ (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ሳሙና መሰል ኬሚካል) እና ከቫይኒል ቤንዞዌት (ድርብ ቦንድ ያለው ኔጌቲቭ ኬሚካል) የተሠራ ፖሊመር (ሞለኪውሎቹ በሰንሰለት የተያያዙ) ናኖ ቅንጣት ወደ ሀዋሳ ሐይቅ በሚወርድ የፍሳሽ ቦይ ላይ ተጨምሮ የጨርቅ ቀለም ይልቀም።

ታቦር፦ ይሞከር እንጂ! የጥጥ ቀለሞች በአብዛኛው ኔጌቲቭ ናቸው፣ ሲታብ ፖዘቲቭ፤ ስለዚህ ይሳሳባሉ። አሠራሩም ቀላል ነው። ለ1 ሊትር ውኃ 3.64 ግራም ሲታብ፣ 1.48 ግራም ቫይኒል ቤንዞይክ አሲድ፣ 0.4 ግራም ኮስቲክ ሶዳ (አሲዱን ወደ ቫይኒል ቤንዞዌት የሚለውጥ)። ናይትሮጅን ግማሽ ሰዓት ይነፋበታል፤ ከዚያ 0.16 ግራም ቪኤ-044 (ሲሞቅ ራዲካል፣ ማለትም ማያያዙን የሚጀምር ቅንጣቢ፣ የሚሰጥ) ተጨምሮ 60 ዲግሪ ላይ ያድራል።

አሞራ ገደል፦ ቀላልስ አይደለም። ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል ሲታቡ ጠርሙሱ ውስጥ ነጭ መርፌ ሆኖ ይረጋል፤ ከ30 ዲግሪ በላይ ሳይሞቅ የተመዘዘ ናሙና መጠኑ የተዛባ ነው። ኦክስጅን ከቀረ ደግሞ ራዲካሉን ይበላዋል። ብዙዎች የዲኤልኤስ (በሚበተን ብርሃን የቅንጣት መጠን የሚለካ መሣሪያ) ቁጥር አይተው "ተሠራ" ይላሉ፤ ያልተያያዘ ሚሴልም (ውኃ ውስጥ በራሱ የሚሰበሰብ የሲታብ ክምር) እኮ እዚያው ላይ ይታያል! 100 እጥፍ አቅጥናችሁ ድጋሚ ለኩ፤ ፖሊመር ካልሆነ ይፈርሳል። ኤንኤምአር (በማግኔት የሞለኪውል አሠራር የሚያሳይ መሣሪያ) ላይም በ5 እና በ7 ፒፒኤም (የመሣሪያው መለኪያ) መካከል ያሉት የቫይኒል ድርብ ቦንድ ጫፎች መጥፋት አለባቸው። አቧራ ተጠንቀቁ፦ 10 እጥፍ የሚተልቅ አንድ ብናኝ ሚሊዮን እጥፍ ብርሃን ይበትናል። ቅንጣቱ ዘንግ ከሆነ ደግሞ ዲኤልኤስ የሚሰጣችሁ የኳስ ግምት ነው።

ጥቁር ውኃ፦ ዋናውን ዘለላችሁት። የሚያያዘው ቫይኒል ቤንዞዌቱ ብቻ ነው። ሲታቡ ድርብ ቦንድ የለውም፤ በቻርጅ ነው የተለጠፈው። የማቅለሚያ ፍሳሽ ደግሞ ጨው የበዛበት ነው፤ ጨዉ ሲታቡን ያላቅቀዋል። ሲታብ ለዓሣና ለአልጌ መርዝ ነው፣ ሐይቃችን ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም። በተጨማሪም ታቦር፣ በሰጠኸን ልክ ሲታቡና ቫይኒል ቤንዞዌቱ በሞለኪውል ቁጥር እኩል ስለሆኑ ቻርጁ ይጣፋል። ፖዘቲቭ የሚያደርገው ትርፍ ሲታብ ነው፤ ቀድሞ የሚያመልጠውም እሱው።

ታቦር፦ እሺ፣ ካቲዮኒኩም (ፖዘቲቩም) ድርብ ቦንድ ያለው ይሁን።

አሞራ ገደል፦ ዋጋውን ጠይቀሃል? ኤስዲኤስ (ኔጌቲቭ ሳሙና መሰል ኬሚካል) ቀላቅለህ ላመቻች ካልክም ከሲታቡ ጋር እኩል ለእኩል አታድርገው፣ ይዘቅጥብሃል።

ጥቁር ውኃ፦ ቦዩ ይቆይ። ቅንጣቱን 12 ሺህ ዳልተን ዲያሊሲስ ከረጢት (ትንንሽ ሞለኪውል የሚያሳልፍ፣ ትልቁን የሚያስቀር) ውስጥ ከታችሁ ቀለም የሌለው የጨው ውኃ ውስጥ ንከሩት። የውጩን ውኃ በዲሰልፊን ብሉ (ሲታብን የሚይዝ ሰማያዊ ቀለም) እና በክሎሮፎርም (ከውኃ የማይቀላቀል፣ ከታች የሚቀመጥ ፈሳሽ) ፈትሹ፤ ሰማያዊው ወደ ክሎሮፎርሙ ከወረደ ሲታብ እያመለጠ ነው። በእውነተኛው ፍሳሽ አትጀምሩ፤ የጨርቁ ቀለም ራሱ ከሲታቡ ጋር ተጣምሮ ንባቡን ያበላሸዋል።

ታቦር፦ በከረጢቱ እስማማለሁ። ክሎሮፎርሙንስ የት ልትደፉት ነው?