ከድሬ ሙቀት ወደ ባሌ ውርጭ፦ ምን ዓይነት ስሊፒንግ ባግ ልግዛ?

ደንገጎ ማዶ (ድሬዳዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ተቀምጦ ስለ ብርድ የሚጠይቅ ሰው እንደሚያስቅ አውቃለሁ፤ ስቃችሁ ስትጨርሱ መልሱልኝ። ባለፈው ታህሳስ ከጓደኞቼ ጋር ቆንዱዶ ተራራ ላይ አንድ ሌሊት አድረን ነበር። ስሊፒንግ ባጌ (ውስጡ ገብቼ የምተኛበት ከረጢት) ላይ በትልቁ «−10» ተጽፎበታል፤ ሻጩም «ይሄን ይዘህ በረዶ ላይ ትተኛለህ» ብሎ ምሎልኝ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉልበቴን አገጬ ሥር ወትፌ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ከሁሉ የባሰው ጀርባዬ ነው። ከሥሬ ያነጠፍኩት ሸራ ብቻ ነበር።

አሁን ከጥምቀት በኋላ ባሌ ልንሄድ ነው፦ ዲንሾ ሁለት ሌሊት፣ ሳነቴ አንድ ሌሊት። በዓመት አንድ ሁለቴ ደግሞ ባቢሌ በኩል ዳካታ እናድራለን፤ እዚያ ችግሩ ሙቀት ነው። ለሁሉም የሚሆን አንድ ባግ ይገኛል? የውስጡ ሙሌት ላባ ይሻላል ወይስ ሲንቴቲክ (ሰው ሠራሽ)?

ሸዋ በር (ሐረር)፦
ሻጩ ላይዋሽህ ይችላል፣ ያነበብከው ቁጥር ግን ሌላ ነው። በደንብ የተሠራ ባግ እንደ አውሮፓው መለኪያ ተፈትኖ ሦስት ቁጥር ይጻፍበታል (መለኪያው ኢኤን 13537 ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አይኤስኦ 23537 ሆኗል)። «ኮምፈርት» ማለት አንዲት ሴት ተዘርግታ ሳይበርዳት የምታድርበት ነው። «ሊሚት» አንድ ወንድ ተኮራምቶ እንደምንም የሚያድርበት ነው። «ኤክስትሪም» የሚባለው ግን ለመኝታ የሚሆን ቁጥር አይደለም፤ ስድስት ሰዓት ያህል በሕይወት የሚያቆይህ፣ ብርዱ ግን ሊጎዳህ የሚችልበት ነው። ርካሽ ባግ ላይ በትልቁ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ይሄ የመጨረሻው ነው። ያንተም −10 እሱ ይመስለኛል።

ስለዚህ ኮምፈርቱን ብቻ እይ። የደንገጎን ዳገት ሳንጨርስ ሹራብ የምንፈልግ ሰዎች ስለሆንን ደግሞ አምስት ዲግሪ ያህል ትርፍ ያዝ።

የጀጎል ልጅ (ሐረር)፦
ወንድሜ፣ ጀርባህን የበላው ባጉ ሳይሆን መሬቱ ነው። ባግ የሚያሞቀው በውስጡ በያዘው አየር ነው። ስትተኛበት ከሥርህ ያለው ተጨፍልቆ አየሩ ይወጣል፣ ከዚያ ጨርቅ ብቻ ነው የሚቀርህ። ድሮ ሰው ጀንዲ ሳያነጥፍ መሬት ላይ የማይተኛው ወዶ አይደለም።

ከባጉ ሥር የሚነጠፍ ፍራሽ ስትገዛ «አር ቫልዩ» የሚል ቁጥር ፈልግበት፤ የመሬቱን ብርድ ምን ያህል እንደሚከለክል የሚናገር ነው፣ ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል። ለዳካታ 1 ወይም 2 ይበቃል። ለሳነቴ ከ4 በታች አልመክርህም። የሚነፋው ከሌለህ ሁለት የስፖንጅ ምንጣፍ ደራርብ፤ ቁጥራቸው ይደመራል። እኔ ሁለት የዮጋ ምንጣፍ ደርቤ ቆንዱዶ ላይ በሰላም አድሬያለሁ፣ ያውም እግሬ ቶሎ የሚቀዘቅዝ ሰው ነኝ።

ጋቢ ይበቃል (ድሬዳዋ)፦
ኧረ ዋሪያ፣ ይሄ ሁሉ ወጪ ለምን? ሁለት ጋቢ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አለቀ። ቆንዱዶ ላይ ከብት የሚጠብቁት ልጆች ኮምፈርት ሊሚት ሲሉ ሰምተህ ታውቃለህ?

የጀጎል ልጅ፦
@ጋቢ ይበቃል፣ እነሱ ሲመሽ እሳት ያለበት ጎጆ ይገባሉ እኮ። ጋቢ ጤዛ ከጠጣ ደግሞ በማግስቱ እርጥብ ሕፃን እንደ መሸከም ነው። ከባጉ ላይ ጣል ለማድረግ ግን ግሩም ነው፣ እሱን አልከራከርህም። ባጉን እንዳይጨፈልቀው ብቻ።

ጓዝ በፈረስ (ሐረር)፦
ባሌን በጥርም በሐምሌም አውቀዋለሁ። አገራችን ላይ ባግ ስትመርጥ ከወቅቱ በፊት ከፍታውን ጠይቅ። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሳነቴ ከ4,000 በላይ ነው። ድሬ ሌሊቱን 15 ዲግሪ ብትሆን ሳነቴ በሒሳብ ብቻ −3 ይመጣል። በበጋ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድሩ የያዘውን ሙቀት ሌሊቱን ይለቀዋል፤ ስለዚህ ከሒሳቡም ይወርዳል። ጠዋት ድንኳንህ ላይ ውርጩን በእጅህ ትፍቀዋለህ። በክረምት ግን ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ስለሚሆን ሌሊቱ ያን ያህል አይከፋም፣ ጠላትህ እርጥበቱ ነው። «ክረምት ይበርዳል፣ በጋ ይሞቃል» ብሎ ጥር ላይ በስስ ባግ የመጣ ሰው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ላባ ቀላል ነው፣ ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ከረጠበ ግን ተጣብቆ ዋጋ ያጣል፣ ለማድረቅም ቀን ይፈጃል። ሲንቴቲክ ይከብዳል፣ ቢረጥብም ግን የተወሰነ ሙቀት አይነፍግህም፣ ዋጋውም ይቀላል። ለእናንተ ሲንቴቲክ ነው የምለው። ዲንሾ ላይ ጓዝ የሚጭን ፈረስ ትከራያላችሁ፤ አንድ ኪሎ ቢጨምር ለፈረሱ ምኑም አይደለም። ቦርሳውን በጀርባህ ተሸክመህ አምስት ቀን የምትሄድ ብትሆን መልሴ ሌላ ነበር።

ኮምፈርቱ −5 አካባቢ፣ ኮፍያ ያለውና ወደ እግር የሚጠብ ይሁን። ለዳካታ እሱን ተወው፣ አንሶላ በቂ ነው። አንድ ባግ ለሁለቱም አይሆንም፤ «ለአራቱም ወቅት» ብሎ የሚሸጥልህን አትመን።

እዚያ ስትደርስ ደግሞ ደረቅ ካልሲ ለመኝታ ብቻ ለይተህ አስቀምጥ። ሳትበላ አትተኛ። ኮዳህን ሙቅ ውሃ ሞልተህ፣ ክዳኑን በደንብ ጠርቅመህ እግርህ ሥር አድርግ፤ ስስ የውሃ ፕላስቲክ ግን ሙቅ ሲገባበት ይጨማደዳል። ፊትህን ባጉ ውስጥ ቀብረህ አትተንፍስ፣ ትንፋሽህ ውስጡን ያረጥበዋል።

ደንገጎ ማዶ፦
አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለቱንም ውሰዱ። ታይዋን ገበያ ከሰልባጅ መሐል አንድ አገኘሁ። ሲንቴቲክ፣ ኮምፈርቱ −4 ይላል። አዲስ አይደለም። ምኑን ልይ?

ሸዋ በር፦
ከከረጢቱ አውጥተህ ዘርጋው፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቀው። ካልተነፋፋ ሞቷል፣ ተወው። ከተነሣ ወደ ብርሃን አንሥተህ እይ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ባዶ ቦታ ካለ ብርዱ በዚያ ይገባል። በዚፑ ውስጠኛ ጎን እንደ ቋሊማ የተሞላ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች መኖር አለበት። አሽትተውም፤ የሻጋታ ሽታ ብዙ ጊዜ በእጥበት አይለቅም።

ደንገጎ ማዶ፦
ተነፋፍቷል፣ ባዶ ቦታም የለውም፣ ገዛሁት። ቤት ወስጄ ገብቼ ሞከርኩት፤ ሦስት ደቂቃ አልቆየሁም፣ ላብ በላብ ሆንኩ። ዚፑ ግን ጉልበቴ አካባቢ ጨርቁን እየነከሰ ይቆማል።

የጀጎል ልጅ፦
ጥርሶቹን በሻማ እሸው፣ ስትዘጋ ጨርቁን በሌላ እጅህ ወደ ውስጥ ግፋ። ከባሌ ስትመለስ ደግሞ ያቺ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቀህ አታስቀምጠው፣ ተጨፍልቆ ይቀራል። ሰፊ የትራስ ልብስ ውስጥ አድርገህ ቁም ሣጥን ላይ ጣለው። ቆርቆሮው ሥር ግን አይሆንም፣ የድሬን ቆርቆሮ ታውቀዋለህ።

ጋቢ ይበቃል፦
ለሳነቴ ጋቢዬን ላውስህ? ከላይ ጣል ታደርገዋለህ፣ ታጥቦ ይመለሳል።